ሳይሞቅ የጮኸው ፍሪዘር

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጮኸው ዘመድ ነው። በዚህ ቤት ግን ከዘመድ ቀድሞ ፍሪዘር ጮኸ።

ፕሮፌሰሩ የተገኙት ከምሳ በኋላ ጋደም በሚሉባት የቢሯቸው ሶፋ ላይ ነው። አንድ እግራቸው ወለሉን ነክቷል፤ አንድ እጃቸው ወደ ጫማቸው ተዘርግቶ ቀርቷል። ሊነሱ ሲሉ ነው እንግዲህ ያገኛቸው ነገር ያገኛቸው። በየማለዳው የሚሮጡ፣ አሳንሰር እያለ በደረጃ የሚወጡ፣ ጉንፋን ካልሆነ በቀር ሕመም የማያውቁ ሰው ነበሩ። የአምቡላንሱ ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠና «ልብ ነው፤ ያጋጥማል» ብሎ ቃሬዛ አስመጣ። ይሄኔ አንድያ ልጃቸው በሩ ላይ ተገትራ «ፖሊስ ሳያየው አይነሳም» አለች። ቢያባብሏት፣ ቢቆጧት፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ከጣቢያው የመጣችው ባልደረቦቿ ወንፊት የሚሏት መርማሪ ናት። ቅጽል ስሙ ያለምክንያት አልወጣላትም፤ የሰማችውን ሁሉ ታሳልፍና የማያልፈውን ይዛ ትቀራለች። ሃምሳን የተጠጋች፣ ቀጭን፣ ስትጠይቅ የማትቸኩል፣ ሲመልሱላት ደግሞ ዓይኗን ከሰው እጅ የማትነቅል ሴት ናት። ምላስ አጥንት ስለሌለው እንደፈለገ ይታጠፋል፤ እጅ ግን ባለቤቱን ያሳጣል ባይ ናት።

ሶፋውን፣ ጫማውን፣ የተዘረጋውን እጅ አየች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ማን ገደላቸው ብለሽ ነው ያስጠራሽን?»

«እኔ ልሆን እችላለሁ» አለች ልጅቷ።

ወንፊት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሳል ይዞት ነበር» አለች ልጅቷ፣ የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች። «መድኃኒቱን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም በእጄ ነው ያጎረስኩት። ግማሽ ቀን አልቆየም። አሁን ልብ ነው ብለው ቢቀብሩት፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ‹በኔ እጅ ይሆን?› እያልኩ ልኖር ነው። የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። እኔ ከሆንኩም እኔ መሆኔን ንገሩኝ፤ እችለዋለሁ።»

አትችለውም፤ ፊቷ ይናገራል። ወንፊት ግን «እሺ» ብቻ አለች። «ሌላስ?»

«ፍሪዘሩ። አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ሞቅኩ ብሎ ነው የሚጮኸው። አባዬ እንደዚህ ሆኖ ካገኘነው በኋላ ሄጄ አየሁት። አልሞቀም።»

ወንፊት ከወንበሯ ተነሳች።

ቤቱ የሰው ደም ተነብቦ በሽታ ከየት እንደሚመጣ የሚጠናበት የምርምር ተቋም ነው። ቅዳሜ ስለነበር ብዙ ሰው የለም። ፍሪዘሩ የቁም ሣጥን ያህላል፤ በሆዱ የብዙ ዓመት ደም በጣት በጣት በምታህል ቱቦ ተደርድሮ ይዟል። ግድግዳው ላይ፣ ልክ ከፕሮፌሰሩ ሶፋ ጀርባ በሚሆነው በኩል፣ ክብ የማስጠንቀቂያ ደወል ተሰቅሏል። ከፍሪዘሩ ፊት የሚቆመው ደግሞ ጓንት ከእጁ ስለማይለይ ጓንት የሚባለው ሸምገል ያለ ቴክኒሻን ነው።

«ጋሼ፣ ሲጮህ የት ነበሩ?»

«ከታች፣ ግቢው ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ። ሰምቼ ሮጥኩ። ይሄ ነገር ከቀለጠ አብሮ የሚቀልጠው የስንት ሰው አደራ ነው። ድምፁን አጠፋሁና ‹ምንም አልሆነም› ልላቸው ስገባ...»

ወንፊት ደወሉን በጣቷ ነካችው። ዙሪያውን ሙጫ አለው፤ ጣቷ ተጣበቀ።

«እዚህ ላይ ምን ተለጥፎ ነበር?»

«ፕላስተር። እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ደንቡ አይፈቅድም። ግን ይሄ ደወል ጆሮ ይበጥሳል፤ በወዲያ በኩል ደግሞ እሳቸው ያርፋሉ። ሲታፈን ይለዝባል ብዬ ነው።»

«ዛሬ የት ሄደ?»

ጓንት ቀና ብሎ አየ። ገና አሁን ማየቱ ነው። «ጠዋት ስጠርግ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ይቺ ሽቦስ?»

ከፍሪዘሩ ጎን በጎማ ውታፍ በተደፈነች ቀዳዳ የምትገባ ቀጭን ሽቦ ናት። ጫፏ ቴርሞሜትር ነው፤ ውስጡን እየለካች ለደወሉ ትናገራለች። ውታፉ ጠሟል። የጓንት እጆች አንዱ አንዱን ያዙ።

«ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ነገረኝ። አፍዎ ይጨርሰው።»

«ወጥታ ነው ያገኘኋት» አለ ጓንት፣ ድምፁ እየተሰበረ። «መልሼ ከተትኳት። ጠዋት በረዶ ስፈቀፍቅ እኔ የነቀልኳት መሰለኝ። በድንጋጤ ነው የሞቱት፣ ያስደነገጥኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ...»

«ዛሬ በዚህ ቤት ያገኘሁት ሁሉ ገዳይ ነኝ ይለኛል። እንዲህ ያለ ጨዋ ቤት አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ ሽቦዋ ከወጣች ወዲያው ትጮኻለች?»

«የለም፤ ታግሣ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር እንዳትጮህ ተብሎ እንደዚያ ተደርጋለች። ሰው ምሳ ቀርቦለት በልቶ እስኪጨርስ ያህል ትቆያለች።»

«እንግዲያው ጠዋት ነቅለዋት ቢሆን ጠዋት በጮኸች ነበር። እርስዎ አይደሉም። አንድ ሰው ሁላችሁም ለምሳ ስትነሱ ጠብቆ ሽቦዋን ሳበ፣ ፕላስተሩን ላጠ፣ ሄደ። ሲጮህ እሱ ሌላ ቦታ ነው።»

ጓንት ግድግዳውን ተደግፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። ወንፊት ግን እፎይ አላለችም። ደወል ሰው እንደማይገድል ታውቃለች። ቢገድል ኖሮ በየትምህርት ቤቱ ስንቱ ባለቀ።

ከምሳ በፊት ሕንፃው ውስጥ ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ። ልጅቷና ጓንት ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው በኮምፒውተር ላይ የደም ንባብ የሚያደርገው ወጣት፣ መነጽር የሚሉት ነው። አራተኛዋ የፕሮፌሰሩ ምክትል ናት፤ ሐኪምም ነች፣ የሟች ሚስታቸውም እህት ነች። ልጅቷ እናቷ ስትሞት ገና ዳዴ ትል ስለነበር እቴቴ የምትላት፣ እናት ሆና ያሳደገቻት እሷው ናት።

መነጽርን ያገኘችው ጨለም ባለች ክፍል፣ ስክሪን ፊት ነው። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጩኸቱን አልሰማሁም» አለ ሳይጠየቅ። «ሙዚቃ ከፍቼ ነበር።»

«ሲጮህ በዚህ ፎቅ ላይ የነበሩት ካንተ በቀር ሟቹ ብቻ ናቸው። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።» ላቡን ጠረገ። «ለዚህ ነው የምፈራው።»

«ፍርሃቱን ቆይተህ ትፈራለህ። መጀመሪያ እዚህ ቤት ምን እንደምትሠሩ ንገረኝ። ለማይገባው ሰው እንደምትነግር አድርገህ።»

ሥራው ሲነሳ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። አንድ የድንጋይ ካባ ያለበት ከተማ አለ አላት። ድንጋዩ በፈንጂ ከመፍረሱ በፊት ሳይረን ይነፋል። በዚያች ከተማ ጤነኛ ሰው፣ ጎልማሳ፣ ሳይረኑ ሲነፋ ከተኛበት ብድግ ይልና ይወድቃል፤ አይነሳም። ሰዉ እርግማን ነው ሲል ኖረ። ፕሮፌሰሩ ግን ደማቸውን ሰብስበው ሲያስነብቡ አንድ ጂን የሚሉት የዘር ቅንጣት ተገኘ፤ ልብ ከምት እስከ ምት የምታርፍበትን ጊዜ የሚያረዝም፣ ከወላጅ ለልጅ በግማሽ ዕድል የሚተላለፍ።

«ታዲያ ያ ጂን ያለበት ሁሉ ይሞታል?»

«አይሞትም። ብዙው ሽበት አብቅሎ፣ የልጅ ልጅ ስሞ ነው የሚሞተው። ሳይረኑን የሰማውም ሁሉ አይሞትም። ጭድ ብቻውን አይነድም፤ ክብሪትም ድንጋይ ላይ ቢጭሩት አይነድም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው። መድኃኒትም አለ፤ ለሌላው ሰው ምንም የማያደርግ፣ ያ ጂን ያለበትን ግን ጭዱን ይበልጥ የሚያደርቅበት።»

«የሳል መድኃኒት ዓይነት?»

መነጽር ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ሰውየው ከሞቱ ወዲህ ይሄን ሳያስብ አልቀረም። «አንዳንዱ አንቲባዮቲክ፣ አዎ» አለ። «ለካባው ከተማ ሰዎች እንዳትሰጡ ብለው ለሐኪሞች የተናገሩት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው።»

«የፕሮፌሰሩን ደም አንብበህ ታውቃለህ?»

«የሁላችንንም አንብቤያለሁ። አዲስ ማሽን ሲገባ ቀድሞ ደም የሚሰጠው የቤቱ ሰው ነው፤ የሳቸው ደንብ ነው። ሰው ላይ የምናደርገውን መጀመሪያ ራሳችን እንቅመሰው ይላሉ። ግን ቱቦው ላይ ኮድ እንጂ ስም የለም። የማን እንደሆነ የምታውቀው ዶክተሯ ብቻ ናት፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከወጣ ለባለቤቱ እንድትነግር።»

«ወጥቶ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ። ያው ጂን፣ ከኛው ከሠራተኞች ቱቦ በአንዱ። ለዶክተሯ ነገርኳት። ቆይቼ ምን ደረሰ ብላት ‹ተነግሯል፤ ተረጋጋ› አለችኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ክልክል ነው።»

ይሄን ሲል እጁ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ነበር። ወንፊት ግን ልጁ ሌላም ነገር እንደያዘ አየች፤ ማዳመጫውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው፣ መልሶ አወለቀው። ለዛሬ ተወችው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

ዶክተሯ በፕሮፌሰሩ ቢሮ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ ልቅሶዋ የውሸት አይደለም።

«እኔና ልጅቷ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ነበርን» አለች። «ጩኸቱ እዚያ ድረስ ተሰማ። ስንደርስ አልቋል።»

«መድኃኒቱን ማን አዘዘላቸው?»

«እኔ። ተራ የሳል መድኃኒት ነው። ቤቱ በሙሉ ሳል ይዞት ነበር፤ እኔም ወስጃለሁ፣ ጓንትም ወስዷል። ይኸው አለን። እባክዎ ልጅቷን አያስጨንቁብኝ። በእጄ ሰጠሁት እያለች ራሷን እየበላች ነው።»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«ሃያ ዓመት አብሮ ሠርቶ ያልተጣላ ሰው ካለ፣ ሥራ ያልሠራ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ወንፊት ስትወጣ ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ታስላለች።

«አንቺንም ይዞሻል። መድኃኒቱን አልወሰድሽም?»

«መጀመሪያ ቀን ወስጄ ነበር። እቴቴ ሆድሽን ያሳምምሻል፣ በሙቅ ውሃና በማር ይለቅሻል ብላ ወሰደችብኝ።» ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሰሞኑን እንደ ሕፃን ነው የያዘችኝ። የስልኬን አላርም ሳይቀር ዘግታብኛለች፤ ፈተና አድክሞሻል፣ በጩኸት አትነሺ እያለች ራሷ መጥታ ፀጉሬን እየዳበሰች ነው የምትቀሰቅሰኝ። ዛሬ እንኳ የመጣሁት ከአባዬ ጋር ልበላ ነበር። ቢሮው ውስጥ በልተን፣ እሱ ሲተኛ እኔ እዚያው ላጠና። እሷ ናት ካፌ ካልሄድን ብላ እጄን ይዛ ያወጣችኝ።»

«በቀጥታ ወጣችሁ?»

«አዎ። ብቻ ደረጃው ጋ ስንደርስ ቦርሳዬን ረሳሁ ብላ ተመልሳ ነበር። ምነው?»

«ምንም» አለች ወንፊት። ግን አንድ ነገር አላለፈም፤ ቀረ። ሲቀርም ደስ አላላትም። ይቺን ልጅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረላትን አንድ ሰው ልትወስድባት ነው።

«እኔ ነኝ?» አለች ልጅቷ።

«ገና ነው፤ ታገሺኝ።»

በማግስቱ የአስከሬን ሐኪሙ ጠራት። ሰውዬው ሃያ ሺህ አስከሬን ያየ ይመስል ሁሌ የሰለቸው ነው፤ ያን ቀን ግን ተናዶ ነበር።

«ምንም የለም» አለ። «የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ልብ ነው። መርዝ የለ፣ ቁስል የለ። የሳል መድኃኒቱ አለ፣ መጠኑም ልክ ነው። የሞተበትን ምክንያት አላገኘሁትም።»

«እንዲያውም እንዳይገኝ ነው የተሠራው» አለችው ወንፊት።

ከዚያ ቀጥታ ወደ መነጽር የሥራ ክፍል ሄደች። የሟቹን ደም አስይዛው፣ ከሠራተኞቹ ቱቦ ጋር አስተያይልኝ አለችው። አስተያየ። ያ ያሰጋ ጂን የወጣበት ቱቦና የሟቹ ደም አንድ ናቸው። ልጁ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«አሁን ደግሞ የቀረውን» አለችው። «ከቅዳሜ ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብለህ የያዝከው ነገር አለ። ሆድህ ሊፈጅህ ነው።»

ልጁም ነገራት።

ሰኞ ጠዋት ወንፊት አራቱን በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ረጅሙ ጠረጴዛ ዳር የፕሮፌሰሩ ወንበር ባዶውን ቆሟል፤ ማንም አልተቀመጠበትም። በዚያ ቀን ጠዋት በዚህ ክፍል ውስጥ የካባው ከተማ ጥናት ውጤት ለእንግዶች ሊነገር ቀጠሮ ነበር። ልጅቷ ከእቴቴ ጎን ተቀመጠች፤ እጇ በዶክተሯ እጅ ውስጥ ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩን ዘጉ።

«ይቺ ልጅ ቅዳሜ አንድ ጥያቄ ጠይቃኛለች» አለች ወንፊት። «የማንንም ልብ ሳልሸነግል እመልስላታለሁ። መጀመሪያ ፍሪዘሩ። ፍሪዘሩ አልሞቀም፤ ሽቦው ተነቅሎ ነው የጮኸው። ፕላስተሩም የተላጠው ድምፁ እንዳይለዝብ ነው። ታዲያ ሰው ደወል የሚያስጮኸው ለምንድን ነው?»

«ለማስደንገጥ» አለ ጓንት።

«ጋሼ ልክ ብለዋል። ግን ማንም ጤነኛ ሰው በድንጋጤ ይሞታል ብሎ ተስፋ አያደርግም። ይሄ ሰው አደረገ። ሳያውቅ አልነበረም፤ ተኝቶ የሚነሳ፣ ያ ጂን ያለበት፣ ጭዱን የሚያደርቀውን መድኃኒት የዋጠ ሰው እንደሚሞት ያውቃል። ይሄን የሚያውቁት በዚህ ከተማ ከእናንተ ሌላ ብዙ አይደሉም። ፕሮፌሰሩ ጂኑ ነበረባቸው። ትናንት አረጋግጫለሁ።»

ልጅቷ ቀና አለች። የዶክተሯ እጅ የልጅቷን እጅ ጠበቅ አደረገ።

«አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ማን ያውቅ ነበር? ራሳቸው ያውቁ ነበር ወይ? አያውቁም። መድኃኒቱን ለካባው ሰዎች አትስጡ ብለው የከለከሉ ሰው፣ ጂኑ እንዳለባቸው ቢያውቁ አይውጡትም ነበር። ደወል ስርም አይተኙም ነበር። መነጽር አንድ ቱቦ ላይ ጂኑን አይቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ለማን ነገርክ?»

መነጽር ጠረጴዛውን እያየ «ለዶክተሯ» አለ።

«ምን አለችህ?»

«ተነግሯል አለችኝ።»

«ዶክተር፣ ለማን ነገሩ?»

«ለሳቸው ነዋ» አለች ዶክተሯ። «ነግሬያቸው ነበር። ቸል አሉት። እሳቸውን ታውቋቸዋላችሁ፤ ለራሳቸው ግድ የላቸውም።»

«ጥሩ። ነግረዋቸዋል እንበል። ታዲያ ጂኑ እንዳለባቸው እያወቁ ያንን መድኃኒት ያዘዙላቸው ለምንድን ነው?»

ከታች መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ረሳሁ» አለች ዶክተሯ።

«አልረሱም። ለሳቸው ረስተዋል ልበል፤ ለልጅቷ ግን አልረሱም።» ወንፊት ወደ ልጅቷ ዞረች፣ ድምፏን ዝቅ አደረገች። «የኔ ልጅ፣ አሁን የምለው ይከብድሻል። ይሄ ጂን ከአባት ለልጅ በግማሽ ዕድል ይሄዳል። አባትሽ ካለባቸው አንቺም ሊኖርብሽ ይችላል። ያን ጊዜ ይሄን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። መድኃኒቱን ካንቺ የቀማሽ ማነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ዶክተሯ መለሰች።

«አባትሽ እየዋጡ አንቺን ያስተወሽ። የስልክሽን አላርም ዘግቶ ፀጉርሽን እየዳበሰ የቀሰቀሰሽ። ቅዳሜ ከዚያ ደወል ጀርባ እንዳትቀመጪ እጅሽን ይዞ ያወጣሽ፣ ቦርሳ ረሳሁ ብሎ የተመለሰ። ሌላ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን አንቺን ባላሰበሽ ነበር፤ ዘር የሚያጠና ሰው ግን አባትን ሲያይ ልጅን ሳያሰላ አይውልም። እንዲህ ባትወድሽ ኖሮ አላገኛትም ነበር።»

ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ ከዶክተሯ እጅ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የሷ እጅ እንዳልሆነ ሁሉ አየችው።

«ለምን?» አለች።

በዶክተሯ ፋንታ መነጽር ተናገረ። «ከካባው ከተማ የመጡት ቱቦዎች... የተለያየ ሰው ደም ይላሉ። ሳነብባቸው ግን ሰባቱ ቱቦዎች እስከ መጨረሻዋ የዘር ፊደል አንድ ናቸው። መንታ አውቃለሁ፤ ሰባት መንታ ግን አላውቅም። የአንድ ሰው ደም ነው ሰባት ቦታ የተከፈለው፤ ከከተማዋ ያመጣችው ደግሞ ዶክተሯ ናት። ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። ‹ዝም በል፤ ራሷ ትናገር፤ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቻታለሁ፤ ካልተናገረች እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። ዝም አልኩ።»

«ሰኞ ዛሬ ነው» አለች ወንፊት።

ዶክተሯ ከዚያ በኋላ አልተከላከለችም። የደከማት ሰው ጫማ ሲያወልቅ እንደሚሆነው ትከሻዋ ወረደ። የምታየው ልጅቷን ብቻ ነው።

«ግኝቱ ውሸት አይደለም» አለች። «እኔ ራሴ ካባው ስር ቆሜ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። እውነት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰዉ ግን ፈራን፣ ደም አልሰጥ አለ። ናሙና ነው ያነሰኝ። ጥቂት ናሙና ብቻ። ለዚያ ብሎ ሃያ ዓመቴን ሊያፈርስ ነበር፤ በዚህ ክፍል፣ በሰው ፊት። ለመንኩት። እንዴት እንደለመንኩት...»

«አሁን ሞላልሽ?» አለች ልጅቷ።

ዶክተሯ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለች። ጓንት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንፊት ከተቀመጠችበት ተነሥታ በልጅቷ ፊት በርከክ አለች። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዋ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ጥያቄሽን ልመልስ። መድኃኒቱ በእጅሽ ነው የሄደው፤ ይሄን አልዋሽሽም። እጅሽ ላይ ያስቀመጠችው ግን እሷ ናት፤ አንቺ የታመመ አባት ነው ያስታመምሽ። ገዳይ አይደለሽም። ሌሊት ‹በኔ እጅ ነው› ብሎ የሚመጣብሽ ነገር ካለ፣ መርማሪዋ አይደለም ብላኛለች በዪው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ ከቅዳሜ ወዲህ ገና አሁን ነው ያለቀሰችው። ማንም አላባበላትም። የምታባብላት ሰው ከጎኗ እጇን ለካቴና እየሰጠች ነበር።

ፖሊሶቹ ዶክተሯን ይዘው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ፣ የሐኪም ሳይሆን የእናት ድምፅ አወጣች።

«ደምሽን አስነብቢ። ዛሬውኑ። ካለብሽም አትፍሪ፤ የሚጠብቅሽ መድኃኒት አለ፣ ሰው በደህና ይኖርበታል። ጓንት ይቅዳልሽ፣ መነጽር ያንብብልሽ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ውጤቱን ብቻ ንገሪኝ። እስር ቤት ቁጭ ብዬ ደህና መሆንሽን ሳላውቅ አልችልም። ንገሪኝ፣ የኔ ሆድ።»

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ዳዴ ስትል ያነሳቻትን፣ ፀጉሯን እየዳበሰች የምትቀሰቅሳትን ሴት።

«አንቺ ለአባዬ ነገርሽው?» አለች።

ዶክተሯ ፊቷን አዞረች። ይዘዋት ወጡ፤ የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ እየራቀ ጠፋ። ከዚያ ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰበሰበችና ክንዷን ለጓንት ዘረጋችለት።